ሊማሊሞ ላይ ሦስተኛ

«አንቺን የሚያገባ ሰው ፍሬን ይዞ ይምጣ።»

ይህን ያለችኝ አክስቴ ናት፤ ጭቃ የጠጣ ሱሪዬን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ፣ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ያደግሁት ስድቧን እየሰማሁ ነው፤ ስድቧ ካለ እራትም አለ ማለት ነው።

«ፍሬን ያለው ምን ያደርግልኛል እቴቴ? የሚፈልገኝ ቁልቁለት ለምዶ ይምጣ» አልኳት።

ሱሪውን ወረወረችብኝ።

አሥረኛን ጨርሼ ወደ መሰናዶ የሚያስገባ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ነበር። ሰው ሁሉ «አይዞሽ» ሲለኝ ሰነበተ። እኔ ያዘንኩት ግን ለውጤቱ አልነበረም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለማውቅ ነው። አባቴ ጎንደር ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል። አባቱም ጨርቅ ሻጭ ነበር፣ የአባቱም አባት። አንድ ጠዋት ሜትሩን እጄ ላይ አስቀምጦ ከባንኮኒው ጀርባ አቆመኝ።

አልሆነልኝም። ቁጭ ማለት አልችልበትም፤ ማባበልም አልችልበትም። ደንበኛ ጨርቁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ «ያምርብኛል?» ስትል፣ «አያምርብሽም» እላለሁ። በዕድሜ ከፍ ላሉት ደግሞ በአክብሮት «አያምርብዎትም»። አባቴ ከጨርቁ ክምር ጀርባ ሆኖ ጉሮሮውን ይጠርጋል። መጨረሻ ላይ አንድ አሮጌ ብስክሌት አምጥቶ፣ «ለልብስ ሰፊዎቹ ጨርቅ አድርሽልኝ» ብሎ ከሱቁ አራቀኝ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ የጀመረው እሱ ራሱ ነው። በዚህ እስከ ዛሬ እንከራከራለን።

ጎንደር ላይ ብስክሌት ያለው ሰው ግማሹን ቀን ይገፋል፣ ግማሹን ቀን ይወርዳል። መግፋቱን ጠላሁት። መውረዱ ግን ሌላ ነገር ነበር። ከፒያሳ ወደ ታች ስለቀው ንፋሱ ጆሮዬ ላይ ያፏጫል፣ ሰውነቴም ዝም ይላል። በሌላ ሰዓት ዝም ብሎልኝ አያውቅም።

የጎንደር ብስክሌተኞች አሰልጣኝ ያገኘኝ እንደዚያ ስወርድ ነው። ልብስ ሰፊው ደጃፍ ላይ ጠበቀኝ።

«ፍሬን የምትይዢው መቼ ነው?» አለኝ።

«ሲያስፈልግ።»

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ልብስ ሰፊዎቹ ቁልቁለት ላይ ናቸው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከሌሎች ልጆች ጋር አዘዞ መንገድ ላይ እንለማመድ ጀመር። ሜዳው ላይ ደካማ ነበርኩ፤ ወንዶቹ ጥለውኝ ሲሄዱ ጀርባቸውን እያየሁ እሳደባለሁ። ስንመለስ መውረጃው ጋ ስንደርስ ግን የሚሳደቡት እነሱ ናቸው።

ከዚያ ሻምፒዮናው መጣ። የቁልቁለት ውድድር፤ ከደባርቅ ጫፍ ተነስቶ ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ የሚያልቅ። ያኔ ሊማሊሞ አስፋልት አልገባበትም። ጠጠርና አቧራ ነው፤ በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በሌላው ወገን ምንም። ሹፌሮች እንኳን አናቱ ላይ ሲደርሱ ሬዲዮናቸውን ይዘጋሉ። በዚያ መንገድ ሴቶች ሲወዳደሩ እኔ የማውቀው ያ የመጀመሪያው ነበር። ከመቀሌ አንድ ክለብ አሰልጣኙን ልኮ ነበር፤ ከሴቶቹ አንደኛና ሁለተኛ የወጡትን ደመወዝ ከፍሎ ሊወስድ።

ለአባቴ እራት ላይ ነገርኩት። አክስቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እሱ የያዘውን ጉርሻ ጨርሶ አላምጦ ነው የተናገረው።

«ከሁለቱ አንዷ ከሆንሽ ትሄጃለሽ። ካልሆንሽ ሱቅ ትገቢያለሽ፤ ዳግመኛ አናነሳውም።»

አባቴ አንድ ጊዜ ዋጋ ከተናገረ አይቀንስም። ይህን አገር ያውቃል። ስለዚህ አልተከራከርኩም። «እሺ» ብዬ ተነሳሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ግን ተገለባበጥኩ።

የውድድሩ ቀን ደባርቅ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ትራፊክ ፖሊሶች መንገዱን ከላይም ከታችም ስለዘጉት ጭነት መኪናዎች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ሹፌሮቹ ደግሞ ሥራ ፈትተው እኛን ያያሉ። አንዱ ጎማው ላይ ቁጭ ብሎ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ከሄልሜቴ ስር ሻሽ አስሬ ነበር።

«እኔ በስንት ፍሬን የምፈራውን አንቺ በሻሽ ልትወርጅው ነው?» አለ።

«አንተ ጭነት አለብህ፣ እኔ የለብኝም» አልኩት።

ጓደኞቹ ሳቁበት። እኔ አልሳቅሁም፤ ጓንቲዬን ደግሜ ደጋግሜ አጠልቅ ነበር። ጭነት ግን ነበረብኝ።

ፊሽካው ተነፋ። መጀመሪያው ላይ አንዷ ቀደመችን፤ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ብስክሌቷም እሷም ከእኛ የተለዩ ነበሩ። እሷን የሚይዝ እንደሌለ ሁለተኛው እጥፋት ላይ ገባኝ። እኔ ሁለተኛ ነኝ። ከኋላዬ የሐዋሳዋ ልጅ ናት። አገሯ ሜዳ ስለሆነ ጉልበቷ ለጉድ ነው፤ እጥፋቱ ላይ ግን ፍሬኗን ጨምድዳ ይዛ ትቆያለች። የፍሬኗ ጎማ ሽታ እኔ ድረስ ይመጣል። ቁልቁለት የለመደ ሰው ፍሬን ያዝ ለቀቅ ነው የሚያደርገው፤ አለበለዚያ ጎማው ግሎ ይቀልጣል። ዞሬ ልነግራት አስቤ ነበር፤ ግን ውድድር ነው፣ ዞሮ የሚያወራ ሰው ደግሞ ገደል ውስጥ ነው የሚጨርሰው።

ክንዴ ደንዝዟል፣ አቧራው ጥርሴ ውስጥ ይንኮሻኮሻል፤ ደስታዬ ግን ልክ አልነበረውም። እየወረድን ስንሄድ አየሩ ሞቀ። ጨርሻለሁ፣ ይዣታለሁ፣ መቀሌ ነኝ እያልኩ አንዱን እጥፋት ስዞር መንገዱ በሰው ተሞልቷል።

ቀብር ነው። ከታች ካለው መንደር ሬሳ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ላይ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እየወጡ ነው። ቄሶቹ ከፊት፣ ወንዶቹ ከቃሬዛው ስር፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ለለቅሶ ለብሰው ከኋላ። የውድድሩ አዘጋጆች ከብቱን አስበዋል፤ አህያው፣ ጭነት መኪናው፣ ዝንጀሮው ሳይቀር ታስቦበታል። ሬሳ ያሰበ ግን አልነበረም። ቢያስቡስ ማን ቄሱን ሊያስቆም ነው?

እኛ አገር ሬሳ ያጋጠመው መንገደኛ በበቅሎ ከሆነ ይወርዳል፤ ፊቱን መልሶ ጥቂት ይሸኛል፤ ከዚያ ነው መንገዱን የሚቀጥል። እስላም ክርስቲያን አይልም። በሱቃችን ደጃፍ ሬሳ ሲያልፍ አባቴ ሜትሩን አስቀምጦ ይወጣል። የማን እንደሆነ የሚጠይቀው ከተመለሰ በኋላ ነው።

በጠርዙ በኩል ለብስክሌት የሚበቃ ክፍተት ነበር። አይቼዋለሁ። ግን እጄ ፍሬኑን ያዘ፣ እግሬ መሬት ነካ፤ እኔን የጠየቀኝ የለም። ወርጄ ብስክሌቴን አዞርኩና ከቃሬዛው ጎን ዳገቱን መግፋት ጀመርኩ። በቁልቁለት ውድድር መሀል ዳገት የወጣሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሐዘን ተሰምቶኝ ነበር ብል ውሸት ነው። በልቤ ሟቹን «ምነው ለነገ ቢቆዩ» እያልኩት ነበር።

በዚያ መሀል የሐዋሳዋ ልጅ እጥፋቱን ዞረች። ጮኸች። ቃል አልነበረውም፣ ጩኸት ብቻ። አንድ እግሯን ከፔዳሉ አውርዳ በመሬት እየጎተተች፣ በዚያ በጠርዙ ክፍተት ሾልካ አለፈች። ሴቶቹ «ኧረ በማርያም» ብለው ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ማንንም አልነካችም። አቧራዋ ብቻ ቀረ።

ከቃሬዛው ስር የነበረ አንድ ጠና ያለ ሰው ትከሻውን ለሌላ ለቅቆ ወደ እኔ መጣ። በኋላ እንዳወቅሁት የሟቹ ልጅ ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሂጅ ልጄ» አለኝ። «ሸኝተሽዋል፤ የቀረውን እኛ እናደርሰዋለን።»

ብስክሌቴን ወደ ታች አዙሬ ወጣሁበት። እንደዚያ ወርጄ አላውቅም፣ ከዚያ በኋላም አልወረድኩም። አልደረስኩባትም። ዛሪማ ስገባ ሁለተኛዋ ገብታ ውሃ እየጠጣች ነበር፤ እኔ ሦስተኛ።

አሰልጣኛችን የሐዋሳዋ ልጅ ስለ ቀብሩ ለዳኞቹ ስትናገር ሰምቶ ጠበቀኝ። ክንዴን ይዞ በቀጥታ ዳኞቹ ያሉበት ድንኳን ወሰደኝ። ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው። መንገድ ላይ ጆሮዬ ስር ያንሾካሽካል። «ለቀስተኛ ገፍትራ አለፈች በይ። አንዲት ቃል ናት። ሰው ነክታ ከሆነ ውጤቷ ይሰረዛል፣ ሁለተኛነቱ ያንቺ ነው።»

ዋናው ዳኛ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ አየኝ።

«በቦታው የነበርሽው አንቺ ነሽ። ለቀስተኛ ነክታለች ወይስ አልነካችም?»

የሐዋሳዋ ልጅ ከድንኳኑ ምሰሶ ስር መሬት ላይ ተቀምጣለች። የቀኝ ጫማዋ ሶል ተበልቶ አልቆ ካልሲዋ ይታያል፤ ካልሲው ደግሞ ደም ይዟል። ብስክሌቷ አጠገቧ ተጋድሟል። የፍሬኑ ጎማ የነበረበት ቦታ ላይ ጥቁር ሙጫ የመሰለ ነገር ብቻ ተለጥፏል። እንደዚያ ሆና ነው እስከ ዛሪማ የወረደችው። አላየችኝም፤ ጉልበቷን አቅፋ መሬቱን ታያለች።

ሁለተኛ ማለት መቀሌ ነው። ሦስተኛ ማለት ባንኮኒ። ይህን እያወቅሁ ነው አፌን የከፈትኩት።

«አልነካችም» አልኩ። «ፍሬኗ ቀልጧል። መቆም ብትፈልግም አትችልም ነበር። ሄዳችሁ እዩት።»

አሰልጣኙ ክንዴን ለቀቀ። ከድንኳኑ ስንወጣ፣ «ምላስሽ ከብስክሌትሽ ይፈጥናል» አለኝ። «እሱን ብታወዳድሪ ወርቅ ነበር።» ተቆጥቶ ነበር፤ እኔም።

ከዚያ አባቴን አየሁት። ከአንድ አይሱዙ ጥላ ስር ቆሟል፣ ኮፍያውን አውልቆ በእሱ እያራገበ።

«አባዬ፣ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ገበያ።»

የዛሪማ ገበያ ቀን አልነበረም። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። መኪናው ላይ ለወጉ ያህል የተጫኑ ጥቂት የጨርቅ ጣቃዎች ነበሩ።

«ስንተኛ ነሽ?»

«ሦስተኛ።»

«ለምን ወረድሽ?»

«እኔ አልወረድኩም። እግሬ ነው የወረደው።»

ከንፈሩ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር አለፈ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ አላወቅሁም። ወዲያው የመቀሌው አሰልጣኝ መጣ። አጭር፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር ሰው ነው። ለእኔ ሳይሆን ለአባቴ ነው የተናገረው።

«ሐጂ፣ ደመወዝ የምከፍለው ለሁለት ብቻ ነው፤ ሦስተኛ አልቀጥርም። ግን ቁልቁለት የምታውቅ ልጅ እፈልጋለሁ። ማደሪያ አለን። ቀለቧን የሚችላት ካለ ለሙከራ ትምጣ። ነገ ጠዋት ነው የምንነሳው።»

አባቴ «ሰማሁ» አለ። እኔም አልጠየቅሁም። ሁለተኛ ብሎ ነበር፣ ሁለተኛ አልሆንኩም፤ አባቴን በአደባባይ ዋጋ ቀንስ አልለውም። ጥርሴን ነክሼ ብስክሌቴን ወደ መኪናው ገፋሁ።

«ተይው፣ እዚሁ ይቆይ» አለኝ። «ግቢ። ለቅሶ እንደርሳለን።»

«የማን ለቅሶ?»

«የሸኘሽው ሰው የማን እንደሆነ ሳትጠይቂ ልትቀሪ ነው?»

መንገዱ ተከፍቶ ስለነበር በአይሱዙው ወደ ላይ ተመለስን። ለቅሶው ቤት ደጅ ላይ ዳስ ተጥሏል። አባቴ ጫማውን አራግፎ ገባ፤ «አላህ ያጽናችሁ» ብሎ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጠ። እኔ ከአጠገቡ። ያ ዓይኑ የቀላው ሰውዬ ወዲያው አወቀኝ።

«አያ ሐጂ፣ የእርስዎ ልጅ ናት?»

«የእኔ ናት።»

«ሸጋ ልጅ ናት። ግን ምነው፣ እናንት ጎንደሮች ሴት ልጅ ከገደል ትለቃላችሁ?»

«እኔ አልለቀቅኋትም፤ አምልጣኝ ነው» አለ አባቴ።

በለቅሶ ቤት ይሳቃል ወይ? ተሳቀ። ሽማግሌዎቹ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ከዚያ አባቴ ስለ ሟቹ ጠየቀ፣ እነሱም ነገሩት። በበቅሎ እስከ ዛሪማ የሚነግዱ ሰው ነበሩ፤ ቁልቁለቱ ላይ በቅሏቸው ላይ ተቀምጠው አያውቁም፣ ወርደው ይስቧት ነበር አሉ። አባቴ እያንዳንዷን ነገር እንደ ዘመድ ወሬ ይሰማል። እኔ ያን ጊዜ ነው ስቆጣው የዋልኩትን ሰው በልቤ ይቅርታ የጠየቅሁት።

አንዲት ሴት ንፍሮ በሰፌድ ይዛ መጣች። «ንፍሮ ብቻ ነው፤ ምንም አልነካውም፣ ብሉ» አለችን። እስላም መሆናችንን አይታ ጠላውን ዘልላ ውሃ ሰጠችን። በመዳፌ ዘግኜ መብላት ጀመርኩ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም ነበር።

ፀሐይ ስትዘቀዝቅ አባቴ ለመነሳት ጉልበቱን ያዘ። ሰውዬው እጁን ይዞ አስቀመጠው።

«ኧረ ወዴት? እደሩ እንጂ። መኪናውም ይደር፤ ሹፌሩም ይረፍ።»

«ቢሆንልን ደስ ባለን» አለ አባቴ። «ግን አንችልም። ልጄ ነገ መንገደኛ ናት።»

ንፍሮው መዳፌ ላይ ቀረ።

«ወዴት?» አለ ሰውዬው።

«መቀሌ። ሥራ ልትሞክር ነው።»

ይህን ሲል አላየኝም። ከእግሩ ስር ያለውን ጭራሮ ያነሳል፣ ይጥላል። ሰውዬው ወደ እኔ ዞሮ፣ «በሰላም ያግባሽ ልጄ» አለኝ፣ ሽማግሌዎቹም ተቀባበሉት። እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ።

ወደ ዛሪማ ስንወርድ በእሱና በሹፌሩ መሀል ተቀምጬ ነበር።

«አባዬ፣ ሁለተኛ አልወጣሁም እኮ።»

«ዓይን አለኝ፤ አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን? ዝም በይ፣ ሹፌሩ መንገዱን ይይበት።»

ትከሻው ትከሻዬን ነክቶ ነበር፤ በየእጥፋቱ መኪናው ሲጋደል ይጫነኛል፣ ከዚያ ይለቀኛል። እኔም አልተነቃነቅሁም።

አልጋ የያዝንበት ቤት ደጃፍ ላይ ከጣቃዎቹ ስር አንድ ሻንጣ ጎትቶ አወጣ። ሻንጣው የአክስቴ ነው፤ ሐጅ ስትሄድ የያዘችው። ከፈትኩት። ልብሴ ተጣጥፎ፣ ሳሙና፣ በሶ በላስቲክ፣ ሁለት አዲስ ካልሲ። ያ የጠላችው ሱሪ ታጥቦ ከላይ ተቀምጧል።

«ይህን መቼ አሰናዳችው?»

«ረቡዕ።»

ውድድሩ ቅዳሜ ነበር። አባቴን አየሁት። እሱ የሻንጣውን ዚፕ ይሞክራል።

«ረቡዕ ምን ታውቁ ነበር?» አልኩት።

«ይህ ዚፕ ይጠብቃል፤ በኃይል አትሳቢው» አለኝ።

ጠዋት የክለቡ ሚኒባስ መጣ። ብስክሌቴን ጣሪያው ላይ ካለው ፖርቶ መጋላ ያወጡት ወንዶቹ ናቸው፤ አባቴ ግን አላመናቸውም። በዚያ ዕድሜው ወጥቶ ገመዱን ፈትቶ ደግሞ አሰረው፤ የጨርቅ ቦንዳ እንደሚያስር፣ በጉልበቱ ተጭኖ። ሲወርድ መዳፉ ቀልቶ ነበር።

ግንባሬን ሳመኝ። ከንፈሩ የሆነ ነገር ሲያነበንብ ዱዓ እንደሆነ ስላወቅሁ እስኪጨርስ ጠበቅሁት።

«ስትደርሽ ደውይ» አለኝ። «ለእኔ አይደለም። ለአክስትሽ። የማትተኛው እሷ ናት።»

«እሺ።»

«ደግሞ እዚያ ሰው ሲጠይቅሽ፣ ትንሽ አስበሽ መልሽ።»

«እሺ አባዬ።»

«ትንሽ ብቻ።»

ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። የሐዋሳዋ ልጅ እግሯ በፋሻ ተጠቅልሎ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ነበር። ስገባ ወደ ውስጥ ተጠጋችና መስኮቱን ለቀቀችልኝ። በሩ ተዘጋ። አባቴ መንገዱ ዳር ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር። ሚኒባሱ የተከዜን አቅጣጫ ይዞ ወጣ።